የገጠር እናቶችን ለመርዳት ስንነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተሰብስበን ነበር። ወሎ ውስጥ ባል ለሌላቸው እናቶች ስለምናዋጣው ገንዘብ ስናወራ አንዷ ጓደኛችን፣ «በቃ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንግዛላቸው» አለች። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ማን እንደሚያርስላት ሳይጠይቁ ዘር መስጠት። በዚያ አካባቢ ሴት በሬ ጠምዳ ማረስ አልተለመደም። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች እናት መሬት ቢኖራትም ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ምርቱ አውድማ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዲት እናት ጤፏ ሲሰፈር ቆማ ስታይ አጠገቧ ነበርኩ። አንድ ቁና ለእሷ፣ አንድ ቁና ለአራሹ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ የደከመበትን ነው የወሰደው። ግን የእሷ ድርሻ ፋሲካን እንደማይሻገር ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ለእንደዚህ ዓይነቷ እናት በሬ የማይፈልግ ነገር ይሻላል፤ የጓሮ ጎመን፣ ጌሾ፣ በግ፣ የንብ ቀፎ።

ዶሮም እንዲሁ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ማደል ቀላል ነው፣ ፎቶውም ያምራል። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ የገባ ዕለት ግን ቆጡ ባዶ ይቀራል። ክትባቱ ውድ አይደለም፤ የሚከብደው ቅዝቃዜው ሳይጠፋ መንደር ማድረሱ ነው። ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ቀን ሳትቆርጡ ጫጩት አትላኩ።

«ከእበትና ከቅጠላቅጠል ኮምፖስት የሚባለውን ማዳበሪያ አዘጋጁ» ብሎ ማስተማርም ብቻውን አይበቃም። እንጨት በጠፋበት ደጋ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። እንጀራውን በምን ትጋግረው? መጀመሪያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ይታሰብ።

ሥልጠናን ሙሉ ቀን አዳራሽ ውስጥ ማድረግም ይቅር። ውኃ የሚቀዳላት፣ ልጅ የሚይዝላት ሰው ያላት ብቻ ናት የምትመጣው። በጣም የቸገራት ቤቷ ትቀራለች። መንደሯ ድረስ ሄዳችሁ አንድ ሰዓት ብታስተምሯት ይበልጣል።

የመሬት ይዞታ ደብተሩንም እዩ። የገጠር መሬት ሕጉ የሴቶችን በመሬት የመጠቀም መብት ያረጋግጣል። ደብተሩ በሟች ባሏ ወይም በአማቷ ስም ከሆነ ግን፣ የተከለችው ጌሾ ነገ የማን እንደሚሆን አታውቅም። ስሙን ለማዛወር ወረዳ የምትመላለስበትን የትራንስፖርት ወጪ መሸፈንም እርዳታ ነው።

ከካፌው ስንወጣ ጓደኛችን እዚያው መንገድ ላይ ቆማ ወሎ ላለችው አክስቷ ደወለች። «እትዬ፣ ዘንድሮ ማን ነው የሚያርስልሽ?»