ሙዚቃ ማጫወቻ ስትመርጡ ሳታዩ ሞክሩት
ከሁለት የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻዎች አንዱን መምረጥ ካቃታችሁ፣ ካርቶኑ ላይ የተደረደረውን ዝርዝር ለጊዜው ተዉት። ማጫወቻውን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና ሳታዩ ድምፅ ቀንሱ፣ ዘፈን አሳልፉ፣ አቁሙ። በዳሰሳ ብቻ የማይታዘዝ ከሆነ መንገድ ላይ ያማርራችኋል። ንክኪ ስክሪን ብቻ ያለው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይወድቃል።

ከዚያ ረጅም የትረካ ፋይል ከፍታችሁ መሃል ላይ አጥፉት። ስታበሩት ካቆመበት ካልቀጠለ ለመጽሐፍ አዳማጭ አይሆንም።

የድምፅ ጥራት ስታወዳድሩ ደግሞ ኢርፎኑም ፋይሉም አንድ ይሁን፣ ድምፁንም እኩል አድርጉት። ትንሽ ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል፤ ጆሮ በቀላሉ ይሸወዳል።

የምትገዙት በዋናነት ቪዲዮ ለማየት ከሆነ የኪሱን ፈተና እርሱት። እዚያ ወሳኞቹ ስክሪኑና ባትሪው ናቸው።