መካኒካል ኪቦርድ ልትገጣጥሙ ነው? ከስዊቹ በፊት ስታቢላይዘሩን ወስኑ

ሰው መካኒካል ኪቦርድ (እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች፣ ማለትም የራሱ መጫኛ፣ ያለው ኪቦርድ) ለመገጣጠም ሲነሳ ቀድሞ የሚጨነቀው ለስዊቹ ነው። ያለ እንቅፋት የሚወርደው ሊኒየር ይሻላል ወይስ መሀል ላይ ትንሽ እንቅፋት የሚሰማው ታክታይል? ቀዩ ነው ቡናማው? እኔ ግን ምክር ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማነሳው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ረዣዥሞቹ ቁልፎች እንዳያጋድሉ የሚይዘው ስታቢላይዘር የሚታሰረው የት ላይ ነው? ስዊቾቹ የሚገቡበት ሰሌዳ (ፕሌቱ) ላይ ወይስ ከስሩ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ (ቦርዱ) ላይ? ስዊች ባይመቻችሁ ብዙ ጊዜ መላ አለው። ቦርድ ላይ የታሰረ ስታቢላይዘር ባይመቻችሁ ግን ኪቦርዱን እስከ አጥንቱ ማፍረስ ነው፤ ስዊቾቹ በሊድ የተበየዱ ከሆነ ደግሞ አንድ በአንድ መንቀል።

ይሄን የተማርኩት በመጀመሪያው ኪቦርዴ ነው። 61 ቁልፍ ያለው ትንሽ ቦርድ ነበር። እያንዳንዱ ስዊች ሁለት የብረት እግር ስላለው 122 ቦታ በየድኩ። ማታ ጀምሬ እኩለ ሌሊት አልፎ ጨረስኩ። ካፖቹን፣ ጣት የሚነካቸውን ክዳኖች፣ ገጥሜ የግራውን ሺፍት ስጫነው በአንድ ጎኑ ሰምጦ ቀረ። የስታቢላይዘሩ ሽቦ አንዱ ጫፍ ከቦታው ወጥቷል። ፕሌቱ ከቦርዱ ካልተላቀቀ ስታቢላይዘሩ አይወጣም፣ ፕሌቱ እንዲላቀቅ ደግሞ 61ዱም ስዊች መነቀል አለበት። ስነቅል ሁለት ቦታ ላይ የቦርዱ መዳብ አብሮ ተላጠ፤ ሁለቱን ቁልፎች በቀጭን ሽቦ ቀጥዬ ነው ያዳንኳቸው። ያኔ ለስታቢላይዘሩ አንድ ሰዓት ብሰጠው ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ለጀማሪ ትንሽ ላስረዳ። ጣታችን የሚነካው ካፑ ነው። ከሱ ስር ስዊቹ አለ። ስዊቹ የሚገባው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ሰሌዳ ውስጥ ነው፤ ፕሌት የምንለው እሱን ነው፣ ከአሉሚኒየም፣ ከነሐስ ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። ከፕሌቱ ስር ቦርዱ አለ፣ ፒሲቢ የሚባለው። ስታቢላይዘር ደግሞ ረዣዥሞቹ ቁልፎች ስር ነው የሚቀመጠው፦ ሁለት የፕላስቲክ ቤቶች፣ በየቤቱ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ አንዳንድ እግር፣ ሁለቱን እግሮች የሚያገናኝ የታጠፈ ሽቦ። ስፔስ ባርን ጫፉ ላይ ስትጫኑት ሌላኛው ጫፍ አብሮ የሚወርደው በዚህ ሽቦ ነው። ኪቦርዱ ሲንቃጨልም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ይሄው ሽቦ ነው።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ የሚያጽፉት የአማርኛ መተየቢያዎች ጠን፣ ጨን፣ ጰን፣ ኘን በሺፍት ነው የሚያወጡልን። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሺፍትን የሚነካው ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ወይም ስም ሲጽፍ ነው። እኛ ግን ቃል መሀል ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ ቃል ሁለቴ እንነካዋለን። የሚንቃጨል ሺፍት ቀኑን ሙሉ ጆሯችሁ ላይ ነው ማለት ነው።

እሺ፣ የቱን እንምረጥ? በዋናነት ሦስት ዓይነት አለ።

የመጀመሪያው ፕሌቱን ነክሶ የሚይዘው ነው። ከላይ ተጭኖ ቀጭ ብሎ ይገባል። ጥሩ ጎኑ፣ ስዊቾቹ የማይበየዱ ከሆኑ፣ የቁልፉን ካፕና ስዊች አውጥታችሁ ስታቢላይዘሩን ከላይ መንቀል ትችላላችሁ፤ ቦርዱን መክፈት አያስፈልግም። መጥፎ ጎኑ የያዘው ፕሌቱን ብቻ መሆኑ ነው። ፕሌቱ ትንሽ ከሳሳ ወይም ቀዳዳው ከሰፋ ቤቱ ይወዛወዛል፣ ያንን ደግሞ ግራሶ አያስተካክለውም። ክሊፖቹ የተሠሩት 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ፕሌት ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የፕሌታችሁን ውፍረት እዩ።

ሁለተኛው ቦርዱ ላይ በክሊፕ የሚገባው ነው። ከፕሌቱ ዓይነት የተሻለ ይረጋጋል፣ ብሎን የለውም፣ ይረክሳል። ችግሩ ካፕ ስትነቅሉ ይመጣል። ጠበቅ ያለ ስፔስ ባር ስትስቡ አንዳንዴ ስታቢላይዘሩም ከቦርዱ አብሮ ብድግ ይላል።

ሦስተኛው ቦርዱ ላይ በብሎን የሚታሰረው ነው። የምመክረው ይሄን ነው። ብሎኑ ከቦርዱ ስር ገብቶ ቤቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፤ ካፕ ብትነቅሉ ብትተክሉ ንቅንቅ አይልም። ቦርዱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ይልቅ ቀጭኑ የ1.2 ሚሊ ሜትር ዓይነት ከሆነ ግን መሀሉ ላይ ክፍተት ይቀራል፣ ተጨማሪ ሮንዴላ ይፈልጋል። ካቻቢቴውን ደግሞ በልኩ ያዙት፤ ብሎኑ ሲይዝ አቁሙ፣ የገባው ፕላስቲክ ውስጥ ነውና ጥርሱን ትበሉታላችሁ። አብራ የምትመጣውን የፕላስቲክ ሮንዴላ አትጣሏት። የብሎኑ ራስ የቦርዱን መስመር እንዳይነካና ሾርት እንዳያደርግ የተቀመጠች ናት።

አሮጌ ኪቦርድ ከፍታችሁ ሽቦው በቀጥታ ካፑ ውስጥ በገባች ትንሽ ፕላስቲክ ላይ ተሰክቶ ካገኛችሁ ኮስታር የሚባለው ነው። ይሠራል፣ ግን ካፕ መቀየር ትዕግሥት ይጨርሳል። ለአዲስ ሥራ አትግዙት።

መምረጥ የምትችሉት ግን ቦርዱና ፕሌቱ የፈቀዱላችሁን ብቻ ነው። ቦርዱን አንሱና ሺፍት የሚገባበትን ቦታ እዩ። በስዊቹ ግራና ቀኝ፣ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያሉ ሁለት ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ካሉ በክሊፕም በብሎንም ይሄዳል። ቀዳዳዎቹ ከሌሉ የፕሌቱ ዓይነት ብቻ ነው ያላችሁ። እንደ ኪክሮን ኪው ያሉ ተሠርተው የሚሸጡ ኪቦርዶች በብሎን የታሰረ ይዘው ይመጣሉ፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ፕሌት ላይ ነው።

ልኩን አትሳቱ። የአንድ ፊደል ቁልፍ ስፋት አንድ ዩ ይባላል፣ ከመሀል እስከ መሀል 19.05 ሚሊ ሜትር ነው። ባክስፔስ 2 ዩ፣ ኤንተርና የግራው ሺፍት 2.25፣ የቀኙ ሺፍት 2.75 ቢሆኑም አራቱም የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ባለ 2 ዩ ስታቢላይዘር ነው። የሚለየው ስፔስ ባር ነው፤ ወይ 6.25 ነው ወይ 7። ለትንሹም ለመካከለኛውም ኪቦርድ አራት ባለ 2 ዩና አንድ የስፔስ ባር ይበቃል። በስተቀኝ የቁጥር ሰሌዳ ካለው ሦስት ባለ 2 ዩ ጨምሩ። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዕቃው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ፣ የጎደለች አንዲት ሽቦ ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ታስጠብቃችኋለች።

አሁን ወደ ስዊቹ። ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ስዊቾች ቼሪ የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ ያወጣውን ኤምኤክስ የተከተሉ ናቸው። ፓተንቱ ካበቃ በኋላ እነ ጌትሮንና ካይል በዚያው ልክ መሥራት ጀመሩ፤ የአንዱ ስዊች የሌላው ፕሌት ላይ የሚገባው ለዚህ ነው፣ ቀዳዳው ሁሌም 14 በ14 ሚሊ ሜትር ነው። ጠፍጣፋ ዓይነቶቹ ግን ሌላ ልክ አላቸው፣ አታቀላቅሉ።

ስዊቹን ገልብጡና ሆዱን እዩ። መሀሉ ላይ ወፍራም የፕላስቲክ እንብርት አለ፣ አጠገቡ ሁለት ቀጫጭን የብረት እግሮች። ይሄ ባለ ሦስት እግር ይባላል፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚይዘው ፕሌቱ ነው። ከእንብርቱ ግራና ቀኝ ተጨማሪ ሁለት የፕላስቲክ እግሮች ካሉት ባለ አምስት እግር ነው። እሱ ቦርዱንም ስለሚይዝ አይጣመምም፤ ያለ ፕሌት ለሚሠራ ኪቦርድ ግዴታ ነው። ካላወቃችሁ ባለ አምስት እግሩን ግዙ። ቦርዳችሁ ሦስት ቀዳዳ ብቻ ቢኖረው ሁለቱን ፕላስቲኮች በጥፍር መቁረጫ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ነው። የሌለውን እግር መትከል ግን አይቻልም።

ቀጥሎ ሆትስዋፕ ወይስ ብየዳ? ሆትስዋፕ ቦርዱ ስር ሶኬት አለው፣ ስዊቹ ይሰካል ይነቀላል። ለመጀመሪያ ኪቦርድ እኔ የምለው ሆትስዋፕ ነው፣ አለቀ። ብየዳ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ እጃችሁ ከለመደ ደስ ይላል፣ ግን ስህተትን በቀላሉ አይምርም።

ሆትስዋፕም ግን የራሱ አደጋ አለው። ከመሰካታችሁ በፊት ስዊቹን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ሁለቱን የብረት እግሮች በጎን እዩ። ፀጉር የምታህል ቀጭን ናት፣ በመንገድ ትጣመማለች። ከተጣመመች በወረንጦ ቀስ አድርጋችሁ አቅኑ። ከዚያ አንዱን እጅ ከቦርዱ ስር፣ ልክ ሶኬቱ ላይ አድርጉ፣ በሌላው አውራ ጣት ስዊቹን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ። ከስር ደግፉ የምለው፣ ባዶውን ስትገፉት ሶኬቱ ከነመዳቡ ሊላቀቅ ስለሚችል ነው። ገብቶ ቁልፉ አልሠራ ካለ ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ ንቀሉት፣ አንዷ እግር ሆዱ ስር ታጥፋ ታገኟታላችሁ።

የምትበይዱ ከሆነ ሊድ ከመንካታችሁ በፊት ቦርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ እያንዳንዱን የስዊች ቦታ ሁለቱን ቀዳዳ በወረንጦ አገናኙ፣ ፊደሉ መውጣቱን አረጋግጡ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ንቀሉት። ሙቀቱ ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል፣ አንዱ ቦታ ላይ ከሁለትና ከሦስት ሰከንድ በላይ አትቆዩ። አራቱን ማዕዘን አስቀድሙ። ስዊቾቹ ፕሌቱ ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጣቸውን በጎን አይታችሁ ነው ወደ መሀል የምትገቡት።

አሁን ወደ ስታቢላይዘሩ ዝግጅት እንመለስ፣ ድምፁ የሚሠራው እዚህ ነውና። ሽቦውን ብቻውን መስታወት ላይ አስተኙት። አንዱን ጫፍ በጣት ነካ አድርጉ። ሌላው ጫፍ ብድግ ካለና ጠቅ ጠቅ ካለ ሽቦው ጠማማ ነው። በፒንሳ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ በተቃራኒው እጠፉትና እንደገና አስተኙት። ሁለቱም ጫፍ መስታወቱን እኩል እስኪነካ። አምስት ደቂቃም ሃያ ደቂቃም ሊወስድ ይችላል፣ ስጡት። ካላቀናችሁት የቱንም ያህል ግራሶ ብትቀቡት ከጥቂት ሳምንት በኋላ መንቃጨሉ ይመለሳል።

ግራሶው ክራይቶክስ 205ጂ0 የሚባለው ቢሆን ጥሩ ነው። የቤቱን የውስጥ ግድግዳና የእግሩን ጎኖች በቀጭኑ በብሩሽ ቀቡ። ሽቦው ጫፍ ላይ፣ እግሩ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ግን አትሰስቱ፤ እዚያ ዳይኤሌክትሪክ ግራሶ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ግራሶ) በመርፌ ስሪንጅ ሞልታችሁ ብትከቱ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። የምግብ ዘይትና ቫዝሊን ተዉ። ይፈሳሉ፣ አቧራ ይሰበስባሉ፣ የኛን አገር አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንዳንዱ እግር ከታች ሁለት ትናንሽ ጥርስ መሳይ ነገር አለው፤ ሲያርፍ ለስለስ እንዲል የተደረገ ነው፣ ግን ስትጫኑት ጭቃ የረገጣችሁ ያህል ይሰማችኋል። ቆርጣችሁ አስተካክሉት። የቦርድ ዓይነት ከሆነ እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ የጨርቅ ፕላስተር ለጥፉ፣ ያ የቁስል ፕላስተር፤ ቀዳዳዎቹን ብቻ አትሸፍኑ።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ፦ ስታቢላይዘሮቹ ቦርዱ ላይ፣ ፕሌቱ ከላይ፣ ስዊቾቹ የሺፍት፣ የኤንተር፣ የባክስፔስና የስፔስ ባር ብቻ። እዚህ ላይ ቁሙ። የስታቢላይዘሩ ቤት አልገባ ካለ አታስገድዱ፣ ሰፊው ቀዳዳ በየት በኩል እንደሆነ አይታችሁ አዙሩት። የእነዚህን አምስት ቁልፎች ካፕ ግጠሙና ግራ ጫፋቸውን፣ ቀኝ ጫፋቸውን፣ መሀላቸውን በየተራ ጫኑ። በፍጥነት መመለስ አለባቸው። የሚንቀራፈፍ ካለ ግራሶው በዝቷል፣ ጠርጉ። የብየዳ ቦርድ ከሆነ በዚህ ሙከራ ጊዜ ምንም አትበይዱ፣ ስዊቹን ፕሌቱ ይይዘዋል።

ሁሉም ልክ ከሆነ የቀሩትን ስዊቾች ሙሉና ዝጉት። ከዚያ የአማርኛ መተየቢያችሁን ክፈቱና «ጸጥታ» ብላችሁ ጻፉ። በብዙዎቹ መተየቢያዎች ሺፍትን ሁለቴ ያስነካል። ሲወርድ ሳይሆን ሲመለስ ያለውን ድምፅ አድምጡ፣ ቻል ቻል የሚለው እዚያ ጋ ነውና። ካለ ካፑን አውጡ፣ የሽቦው ጫፍ ላይ በስሪንጁ አንድ ጠብታ ጨምሩ፣ እንደገና ጻፉ።