ፒዲኤፍ ፎርም በፕሮግራም ሞልታችሁ ባዶ ሆኖ ሲገኝ

150 የሠልጣኝ ፎርም ከኤክሴል ዝርዝር በፕሮግራም ሞልቼ የላክሁ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ወንድሜ፣ የላክህልን እኮ ባዶ ነው።» እኔ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ስም በቦታው አለ። እነሱ የከፈቱት በስልክ ነበር።

እኔ ጋ ይታያል፣ ሌላ ሰው ጋ ባዶ ነው

እያንዳንዱ የፎርም ሳጥን ሁለት ነገር ይይዛል፦ የገባውን መረጃ፣ እና መረጃው ገጹ ላይ የሚታይበትን መልክ። ፕሮግራማችሁ መረጃውን ብቻ አስገብቶ መልኩን ከተወው፣ የአዶቢው ፒዲኤፍ ማንበቢያ አክሮባት «ኒድ አፒራንስስ» (መልክ ያስፈልጋል) የሚለውን፣ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ ምልክት አይቶ ራሱ ይሠራለታል። ብዙ የስልክ ማሳያዎች ግን አይደክሙበትም። ሳጥኑን ስትነኩት ጽሑፉ ብቅ ብሎ ስትለቁት ከጠፋ ችግሩ ይኸው ነው። ምልክቱን ማብራት ብቻውን አይበቃም፤ እኔም ጉድ የሆንኩት እሱን አምኜ ነው። መልኩን ፕሮግራሙ ራሱ ይሥራው። ፎርሙ ዳግም የማይሞላ ከሆነ ደግሞ «ፍላተን» አድርጉት፤ ጽሑፉ ከገጹ ጋር ይጣበቃል።

እንግሊዝኛው ገባ፣ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ

የብዙ ፎርሞች ነባሪ ፎንት ሄልቬቲካ ነው፤ ፊደላችንን አያውቅም። ፒዲኤፍ-ሊብ የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የምትጠቀሙ ከሆነ «ዊንአንሲ» (የላቲን ፊደላት ኮድ) ይህን ፊደል መጻፍ አይችልም ብሎ በስህተት መልእክት ይቆማል። እሱ እንኳ ደግ ነው፤ ዝም ብለው ባዶ የሚያወጡም አሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ፎንትን ፋይሉ ውስጥ ክተቱ፤ ፒዲኤፍ-ሊብ ላይ ለዚህ ፎንትኪት የሚባለው ተጨማሪ ላይብረሪ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ፦ መጀመሪያ ጽሑፉን አስገቡ፣ ቀጥሎ የሳጥኖቹን መልክ በአዲሱ ፎንት አድሱ፣ ፍላተን መጨረሻ ላይ ነው። ደግነቱ የእኛ ፊደል እንደ ዐረብኛ እየተቀጣጠለ ቅርጹን አይቀይርም። ፎንቱ ከገባ ሌላ ጣጣ የለውም።

ፎንቱ ገብቶም የላቲን ዝብርቅርቅ ካያችሁ ፒዲኤፉን ተዉትና ኤክሴሉን ጠርጥሩ። ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ዝርዝር፣ ውስጡ የላቲን ኮድ ነው፤ የለበሰው ግን የግዕዝ ፊደል። አንዱን ስም ወደ ኤሪያል ቀይሩትና ታዩታላችሁ። መፍትሄው በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ማዞር ነው። እዚያው ኤክሴል ላይ እያላችሁ የስልክ ቁጥሩን ዓምድ «ቴክስት» አድርጉት፤ አለበለዚያ 09 የሚጀምረው ሁሉ ዜሮውን ጥሎ ይመጣል።

ቲኩ አይገባም

ምልክት የሚደረግበትን ሳጥን ለመሙላት «የስ» ብላችሁ ልካችሁ ይሆናል፤ ፎርሙን የሠራው ሰው ግን ምልክት የተደረገበትን ሁኔታ «ኦን» ወይም «1» ብሎ ሰይሞታል። ፒዲኤፍ-ቲኬ የሚባለው ፕሮግራም «ደምፕ ዳታ ፊልድስ» ትእዛዝ ትክክለኛውን ቃል ያወጣላችኋል።

«እባክዎ ይጠብቁ» የሚል የእንግሊዝኛ ገጽ ብቻ ይመጣል

ይህ ኤክስኤፍኤ የሚባለው፣ የአዶቢ ሌላ የፎርም ዓይነት ነው። ብዙ የካናዳ ኢሚግሬሽን ፎርሞች እንዲህ ናቸው፤ ብራውዘርና ስልክ ላይ አትድከሙ። ኮምፒውተር ላይ በአዶቢ ሪደር ከፍታችሁ በእጅ ሙሉት። ኤክስኤፍኤውን አውጥቶ መጣል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ፎርሙ ላይ ያለው «ቫሊዴት» (አረጋግጥ) የሚለው ቁልፍ ሲጫን የሚወጣው ባርኮድ አብሮ ይጠፋል።

ተጣምሮ የታተመው ሁሉ የአንድ ሰው ስም ይዟል

በአንድ ፒዲኤፍ ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሳጥኖች የሚይዙት መረጃም አንድ ነው። 150ውን ፎርም እንዳለ ካጣመራችሁት የመጀመሪያው ሠልጣኝ ስም በሁሉም ላይ ሊመጣ ይችላል። እያንዳንዱን ፍላተን አድርጋችሁ ከዚያ አጣምሩ፤ አንዱንም ለራሳችሁ ስልክ ልካችሁ ክፈቱት።