ያገለገለ ፒክአፕ ካሶኒ ላይ ቤድላይነር ሲያስረጩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከመተማ ሰሊጥ፣ ከደባርቅ ገብስ ሲያመላልስ የኖረ ፒክአፕ ካሶኒው ተፋፍቆ ላሜራው ቢወጣ አይገርምም። ቤድላይነር የሚባለው፣ ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው ወፍራምና ሸካራ ልባስ፣ በደንብ ከያዘ ዓመታት ይቆያል። በጥቂት ወራት ተገሽልጦ የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ላሜራ ስላልተዘጋጀ ነው።

ዝገትን ሸፍኖ ማለፍ

ልባሱ ዝገትን ይደብቃል እንጂ አያቆምም። እርጥበት በጭረትም ሆነ ከወለሉ ሥር ከገባ ዝገቱ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል፤ ልባሱም አብጦ ይነሳል። አሮጌ የፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ መጀመሪያ ያውጡት፤ ከሥሩ ውሃና አፈር ይዞ ስለሚቆይና ቀለሙን እየፈተገ ስለሚበላ ብዙ ጉድ የሚገኘው እዚያ ነው። የቡሎን ቀዳዳዎችን ዙሪያ፣ የፊት ማዕዘኖችንና የስፖንዳ መጋጠሚያዎችን በካካቪቴ ጫፍ ጫን ጫን እያደረጉ ይፈትሹ። ካካቪቴው ካለፈ ቦታው የሚፈልገው ብየዳ ነው። በስቱኮ ልድፈነው የሚል ካለ እሺ አይበሉ፤ ጭነት ሲወድቅበት ይሰነጠቅና ልባሱን ይዞት ይነሳል።

ያልበሳውን ዝገት፣ ካሶኒው ከታች እንደተጻፈው ከታጠበ በኋላ፣ በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላሜራው እስኪያበራ ይፋቁ። የተራቆተውን ቦታ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር (ከልባሱ በፊት የሚቀባ፣ ላሜራውን ከዝገት የሚጠብቅ ቀለም) ያስቀቡ፤ ፕራይመሩ ቀናት ካለፉት ግን እንደገና ቀለል አድርጎ መፋቅ ግድ ነው።

ሳያጥቡ መፋቅ

ይህን ብዙ ሰው ገልብጦ ይሠራዋል። ካሶኒው ላይ የፈሰሰ ዘይትና ናፍታ ሳይነሳ ብርጭቆ ወረቀት ከነካው ቅባቱ ጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው። በቅድሚያ ቅባት በሚያነሳ ሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት፦ ውሃው እኩል ተዘርግቶ ከወረደ ጸድቷል፣ ነጠብጣብ እየሠራ ከተሰበሰበ ቅባት አለ፣ ድገሙት። ሲደርቅ የቀረውን ቀለም በ180 ቁጥር አንጸባራቂነቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ይፋቁ። የወለሉ ቦዮችና ማዕዘኖች ማሽን ስለማይደርስባቸው በእጅ ነው የሚሠሩት። ልባስ መላቀቅ የሚጀምረውም ከእነዚሁ ቦታዎች ነው። በመጨረሻ አቧራውን አንስተው በንጹሕ ጨርቅና በሶልቬንት (ቅባት በሚያሟሟ ፈሳሽ) ይወልውሉ።

ስንጥቅን በሲሊኮን መድፈን

ሲሊኮን ላይ ምንም ቀለም አይዝም። ለላሜራ መጋጠሚያ የተሠራና ቀለም የሚቀበል የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይጠይቁ።

ወቅቱንና ሰዓቱን አለማየት

ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፤ ልባሱም እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ስለዚህ የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በበጋም ቢሆን በጠዋት ላሜራው ላይ ጤዛ ይኖራል፤ ረፋድ ላይ ደረቅ መሆኑን በእጅዎ ሳይሆን በደረቅ ወረቀት ዳብሰው ያረጋግጡ፣ የእጅ ቅባት ራሱ ችግር ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ የጋለ ላሜራም አይረጭም። በ20 ዲግሪ አካባቢ፣ በጥላ መሥራት ጥሩ ነው። የኮምፕሬሰሩን ጋን ውሃ ከመጀመርዎ በፊት ማስወጣት አይርሱ።

በግምት ማደባለቅ

በብዛት የሚገኙት የጠርሙስ ዓይነቶች 3 እጅ ልባስ ለ1 እጅ ማጠንከሪያ ናቸው፤ በእርስዎ ጠርሙስ ላይ ሌላ ልክ ከተጻፈ እሱን ይከተሉ። ቀድሞ ተከፍቶ የረጋ ወይም የደፈረሰ ማጠንከሪያ ይጣል። ሁሉንም በአንዴ አያደባልቁ፤ ከተቀላቀለ በኋላ የሚሠራበት ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የደብል ጋቢና ካሶኒ ውስጡ ወደ 5 ካሬ ሜትር ስለሚሆን፣ 4 ሊትር ድብልቅ ለሁለት እጅ (ሁለት ጊዜ ደራርቦ ለመርጨት) ይበቃል። ግፊቱ ከ3 እስከ 4 ባር፣ ርቀቱ ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ይሁን። የመጀመሪያው እጅ ስስ ይሁን፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሁለተኛው በተሻጋሪ አቅጣጫ ይረጫል። በአንድ ጊዜ ያወፈረ ሰው ስፖንዳው ላይ ሲንጠባጠብ ያያል።

በሻርፕ አፍን ሸፍኖ መርጨት

አይሶሳያኔት ሳንባን ያስቆጣል፣ ዘላቂ አስምም ሊያመጣ ይችላል። ጨርቅም ሆነ የአቧራ ማስክ አያግደውም። ቢያንስ ለኦርጋኒክ ትነት የተሠራ ባለሁለት ካርትሪጅ ማስክ፣ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ማስክ ይበልጣል። በተዘጋ ግቢ ውስጥ ሕፃናት እያሉ አይሞክሩት።

ፕላስተሩን ዘግይቶ ማንሳትና ቶሎ መጫን

የወለሉን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አስቀድመው በፕላስተር ይሸፍኑ፣ አለዚያ ልባሱ ይደፍናቸዋል። የጠርዙን ፕላስተር ልባሱ ገና ሳይጠነክር ይንቀሉ፤ ከደረቀ በኋላ ሲሳብ ጠርዙን ይቀደዋል። የተያዘበት ካለ በቢላ ጠርዙን ቆርጠው ያንሱ። ለቀላል ዕቃ 3 ቀን፣ ለኩንታል ጭነት 7 ቀን ይጠብቁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚበርድ ሁለት ሦስት ቀን ይጨምሩበት።