ፊልሙ ታይቶ እንዲወራበት፦ ጅማ ላይ በቤት ውስጥ የፊልም ምሽት እንዴት ይዘጋጃል

ጓደኛሞች ተሰብስበው አዲስ ፊልም አይተው ሲጨርሱ ወሬው «መጨረሻ ላይ ምንድን ነው ያላት?» በሚል ጥያቄ ከተጀመረ ዝግጅቱ የሆነ ቦታ ላይ ተበላሽቷል ማለት ነው። ምስሉ ትንሽ ደብዘዝ ቢል ሰው ይታገሳል። ንግግሩ ያልተሰማ ፊልም ግን አይወራበትም። የአማርኛ ፊልም ደግሞ ቀልዱም፣ ሽሙጡም፣ እርቁም የሚመጣው በአፍ ነው። ጅማ ውስጥ ዝናብና የቆርቆሮ ጣራ ሲጨመሩበት ችግሩ ይብሳል። እዚህ ላይ ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ሰፊ ቦታ የያዘው ለዚህ ነው።

ፊልሙን መምረጥ

በቴሌግራም ግሩፓችሁ ሦስት ፊልም ብቻ አቅርባችሁ ድምፅ አሰጡ። አሥር ከተደረደረ ክርክሩ እስከ ቅዳሜ አያልቅም። ምርጫው ሐሙስ ማታ ይዘጋ፤ አርብ የሙከራ ቀን ነው።

አዲስ የአማርኛ ፊልም መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ይታያል፤ ከዚያ አንዳንዱ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ብዙው ወደ ዩቲዩብ ይሄዳል። ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ የፊልሙን ባለቤት ቻናል ፈልጉ። ሰርቀው የሚጭኑት ሰዎች መቆጣጠሪያው እንዳይዛቸው ምስሉን ግራና ቀኝ ይገለብጡታል፣ ዳር ዳሩን ይቆርጡታል፣ ድምፁን ያቀጥኑታል ወይም ያወፍሩታል። ለመለየት ከተዋናዩ ጀርባ የሱቅ ጽሑፍ ወይም የመኪና ታርጋ እስኪመጣ ጠብቁ። ፊደሉ መስታወት ውስጥ እንደታየ ከተገለበጠ ዝጉት። የባለሙያዎቹ ድካም መዘረፉ ሳያንስ፣ እንዲህ የተነካካ ድምፅ በትልቅ ስፒከር ሲወጣ ቃላቱ ይሟሟሉ። ለቡናና ለፈንዲሻ ማዋጣት ሌላ ነገር ነው፤ መግቢያ ካስከፈላችሁ ግን ነገሩ ከጓደኛሞች ምሽትነት አልፎ ለሕዝብ ማሳየት ይሆናል፤ ለዚያ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በቀጥታ ከኢንተርኔት የምታዩ ከሆነ ጥራቱን «አውቶ» ላይ አትተዉት፤ መሐል ላይ እየወረደና እየወጣ ዓይን ያደክማል። 480 ላይ አስራችሁ ተዉት። የ2 ሰዓት ፊልም በዚህ ጥራት ወደ 1 ጊጋባይት፣ በ720 ደግሞ ከ1.5 እስከ 2.5 ጊጋባይት ግድም ይበላል። ፊልሙ በፋይል ካላችሁና በፍላሽ የምትወስዱት ከሆነ፣ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ወደሚባለው ፎርማት ቀይሩት። ፍላሹን ግን ላፕቶፕ ላይ እንጂ በቀጥታ ፕሮጀክተሩ ላይ አትሰኩት። ርካሽ ፕሮጀክተሮች ውስጥ ያለው ማጫወቻ የማያውቀው የድምፅ ዓይነት ብዙ ነው፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣና ድምፅ የለም። ይህ የሚታወቀው ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ሲሆን በጣም ያበሳጫል።

የውጭ ፊልም ከሆነ የግርጌ ጽሑፉ ፋይል ስም ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር አንድ ይሁን። የአማርኛው ጽሑፍ አራት ማዕዘን ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ፣ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 አድርጋችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ፕሮጀክተርና አንሶላ

ፕሮጀክተር ስትከራዩ ወይም ስትዋሱ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሉመን (የብርሃን መጠን) አትመኑ። መጠየቅ ያለበት በወጥ መለኪያ የተለካው፣ አንሲ ሉመን የሚባለው ነው። ለ2 ሜትር ስፋት ምስል፣ ክፍሉ በደንብ ከጨለመ፣ ከ300 እስከ 350 አንሲ ሉመን ለሲኒማ ቤት የቀረበ ብርሃን ይሰጣል። ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች 2 ሜትር ስፋት ለማግኘት 3 ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ ሳሎኑን ቀድማችሁ ለኩ።

ፕሮጀክተሩ ከአንሶላው ጋር ፊት ለፊት ይቁም። ከጎን አስቀምጦ ጠማማውን ምስል በሪሞት ማቃናት ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ ማቃናት ከምስሉ ጥራት ይቀንሳል። ከስሩ መጽሐፍ መደርደር ይሻላል።

አንሶላው ሁለት ሰው የሚተኛበት፣ ነጭ፣ ስፌት የሌለው ይሁን። አቡጀዲ ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ችግሩ ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሲቀጠል መሐሉ ላይ ስፌት ይወጣል፤ ያ መስመር የተዋናይዋን ፊት ለሁለት ሲከፍል ያመሻል። ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ድረቡበት፤ አለበለዚያ ብርሃኑ ሾልኮ ያልፋል። ላይና ታቹን ሰፍታችሁ ቀጭን አጣና አስገቡ፤ የታችኛው አጣና በክብደቱ ይወጥረዋል። የምስሉ የታች ጠርዝ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ይበል።

ለመቀመጫ የጅማ በርጩማ ከፊት፣ ወንበር ከኋላ። በርጩማው ዝቅ ስለሚል የኋለኞቹን አይጋርድም። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ እንጨት ላይ ግን 2 ሰዓት መቀመጥ ይከብዳልና ትራስ ጣል አድርጉበት።

ድምፁ

መጀመሪያ ቤት ምረጡ። «ማን ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን አለ?» አትበሉ፤ «ማን ቤት ኮርኒስ አለ?» በሉ። ጅማ ከመጋቢት እስከ መስከረም ድረስ ዝናቡ አያስተማምንም፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። የችፑድ ኮርኒስ ያለው ቤት ብዙ ያግዛል። የማዳበሪያ ኮርኒስ አቧራ ይይዛል እንጂ ድምፅ አይከለክልም።

ዝናቡ ንግግርን እንዴት እንደሚውጥ ማወቅ መፍትሔውን ያቀለዋል። አናባቢው ወፍራም ስለሆነ ይሰማል። የሚጠፋው ተነባቢው ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ፣ ጠ፣ ጨ ቀጭን ድምፆች ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚለዩት ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን የቆርቆሮው ጫጫታም እዚያው ላይ ይንሿሿል። «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ። ሰዎች ይህ ሲገጥማቸው የሚያደርጉት ድምፁን መጨመር ነው። ሲጨምሩ ከሁሉ በፊት የሚያድገው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ ሙዚቃው መስኮት ያንቀጠቅጣል፣ ንግግሩ ግን እዚያው እንደጠፋ ይቀራል። ቤዝ ለሠርግ ነው፤ ለፊልም ንግግር ጠላት ነው።

ስለዚህ ቤዙን ቀንሱ። ስፒከሩ የቤዝ መቀነሻ ካለው ከግማሽ በታች አውርዱት። ላፕቶፑ ላይ ቪኤልሲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ የምትጠቀሙ ከሆነ «ቱልስ» ውስጥ «ኢፌክትስ ኤንድ ፊልተርስ» የሚለውን ክፈቱና ኢኳላይዘሩን (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለየብቻ ማስተካከያውን) አብሩ። ከ200 ኸርዝ በታች ያሉትን መስመሮች በ6 ዴሲቤል አውርዱ፤ በ3 ሺህ ዙሪያ ያለውን በ4 ወይም በ5 ዴሲቤል ከፍ አድርጉ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ኮምፕረሰር አብሩት፤ ጩኸቱን ያለዝብና ሹክሹክታውን ያነሣል። የቪኤልሲን ድምፅ ከ100 አታሳልፉ፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ድምፁ ይሰነጠቃል። ማጉላቱን ለስፒከሩ ተዉት።

ከውጭ ፊልም ጋር የሚመጣ ሌላ ችግር አለ። ፋይሉ ባለ 5.1 ድምፅ (ለስድስት ስፒከር የተከፋፈለ) ከሆነ ንግግሩ የሚቀመጠው መሐለኛው ስፒከር ላይ ነው። እናንተ ያላችሁ ግራና ቀኝ ብቻ ስለሆነ ወደ ሁለቱ ሲጨመቅ ንግግሩ ከሙዚቃው በታች ይሆናል። ከ«ኦዲዮ» ውስጥ የስቴሪዮ ትራክ ካለ እሱን ምረጡ።

ስፒከሩ የት ይቀመጥ? ማዕዘን ላይ አይሁን፤ ማዕዘን ቤዝ ያገዝፋል። መሬት ላይም አይሁን፤ የፊተኛው ረድፍ ጉልበትና ጋቢ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ከአንሶላው ግራና ቀኝ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከሚደርስበት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ 1 ሜትር ከ20 ግድም ላይ አስቀምጡ። አንድ ትልቅ ስፒከር ከሩቅ ከማስጮህ ሁለት ትናንሾችን ማቅረብ ይሻላል። ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ክፍል ውስጥ ትንሽ ያነሰ ቢሆንም መውረዱ አይቀርም። ዝናቡ ግን ከጣራው ስለሚመጣ የክፍሉን ሰው ሁሉ በእኩል ያገኘዋል። ስፒከሩ በቀረበ ቁጥር ንግግሩ ከዝናቡ በላይ ይሆናል።

ግድግዳውም ይናገራል። ክፍሉ መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ጭብጨባው «ጯ» ብሎ ከቆመ ጥሩ ነው፤ «ጯጯጯ» እያለ ከተንጠለጠለ ክፍሉ ያስተጋባል፣ ቃላት ይደራረባሉ። በተለይ ባዶ ሲሚንቶ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለልና ጥቂት ዕቃ ያለበት ሳሎን እንዲህ ነው። ከአንሶላው ትይዩ ባለው የኋላ ግድግዳ ላይ ፍራሽ አቁሙ፣ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። እንደገና አጨብጭቡ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ላፕቶፑን ከስፒከሩ ጋር በጃክ ገመድ አገናኙ። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል፤ ከንፈር ይዘጋል፣ ቃሉ በኋላ ይመጣል። ገመድ ከሌለ ግን ቪኤልሲ ላይ የጄ ፊደል ቁልፍን ስትጫኑ በእያንዳንዱ ጊዜ ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ይቀድማል። አንድ ሰው በር ሲዘጋ ወይም ጠረጴዛ ሲመታ የሚታይበትን ቦታ መርጣችሁ እስኪገጥም ሦስት አራት ጊዜ ተጫኑ። አብዝታችሁ ከቀደመ የኬ ቁልፍ ይመልሰዋል።

አርብ ማታ 10 ደቂቃ አጫውቱና መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። ዝናብ ባይኖርም በሌላ ስልክ የዝናብ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ክፈቱ። ሹክሹክታ ያለበት ትዕይንት ላይ ቃሉን መድገም ከቻላችሁ በቂ ነው። ቅዳሜ ማታ ዶፉ ከዚህም ከበረታ ፊልሙን ማቆም ነው፤ ከዝናብ ጋር አትጯጯሁ።

ሰዓት፣ ቡና፣ መብራት

ጅማ ላይ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከ55 ባለው ትጠልቃለች፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆይ ይጨልማል። መግሪብ የሚሰግዱ ጓደኞች ሰግደው ይምጡ፤ ፊልሙ 1 ሰዓት ከ15 ላይ ይጀመር። አዛን ሲሰማ ማቆም፣ ኢሻ ለሚሰግዱም 15 ደቂቃ እረፍት መስጠት ቀድሞ ይነገር። የ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፊልም ከእረፍቱ ጋር 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልቃል። ባጃጅ የሚፈልግ ሰው ካለ ቀድማችሁ አነጋግሩለት።

ቡናው ፊልሙ እየታየ አይቆላ። ጭሱና እጣኑ የፕሮጀክተሩ ጨረር ውስጥ እንደ ደመና ይታያል፤ ማራገቢያውም ስቦ ሌንሱን ያጨቀያል። ፈልቶ አቦሉ ከፊልሙ በፊት ይጠጣ፤ ከሰሉ ወደ በረንዳ ይውጣ፤ ቶናና በረካ ለወሬው ይቆዩ። ፈንዲሻ ጥሩ ነው፤ ቆሎ ግን ያንኳኳል፤ ለኋላ ተዉት።

መብራት ከሄደ ፕሮጀክተሩ አምፖል ያለው ነው ወይስ ኤልኢዲ የሚለው ወሳኝ ነው። አምፖል ያለው ሲጠፋ ማራገቢያው አብሮ ስለሚቆም አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይጎዳል። መብራቱ ወዲያው ቢመለስም 15 ደቂቃ ሳይቀዘቅዝ አታብሩት። 60 ዋት የሚበላ ኤልኢዲ ግን ባትሪው ደህና በሆነ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል። በሁለቱም ሁኔታ መብራት እንደሄደ ከግድግዳው ላይ ሶኬቱን (ዩፒኤስ ካለ የዩፒኤሱን) ንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃ ያቃጥላል። ጀነሬተር ከሆነ ከቤቱ ኋላ፣ ከመስኮት ርቆ ይቁም፤ ጭሱ ይገድላል፣ ጩኸቱም የደከማችሁበትን ድምፅ ያጠፋዋል።

ወሬው

ፊልሙ እንዳለቀ መብራት ሳይበራ ለእያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ወረቀት ስጡ። ከ10 ስንት እንደሚሰጥና አንድ የማይረሳውን ትዕይንት ጽፎ ያጥፍ። ይህ ካልተደረገ ቀድሞ የሚናገረው ሰው ሌላውን ሁሉ ይጎትታል፤ እሱ «አሪፍ ነው» ካለ አሪፍ፣ «ደካማ ነው» ካለ ደካማ ሆኖ ያልቃል። ወረቀቶቹ ይከፈቱና ትልቁንና ትንሹን ቁጥር የሰጡት ሁለቱ ይጀምሩ።

«እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የትኛው ቦታ ላይ ሰዓታችሁን አያችሁ?»፣ «አሥር ደቂቃ ቁረጡ ብትባሉ የቱ ይውጣ?»፣ «አባትየው ይቅር ያለው አሳመናችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ንግግሩን በደንብ የሰማ ሰው እዚህ ላይ የተባለውን ቃል በቃል እየጠቀሰ ይከራከራል። አንዱ ሲጠቅስ ሌላው «አላለም!» ካለ ላፕቶፑን ክፈቱና ያንን ቦታ እንደገና አጫውቱት።

ላልመጡት ጓደኞች በግሩፑ ላይ ስትጽፉ መጨረሻውን አትንገሩ። ቴሌግራም ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ «ስፖይለር» ስትሉት ይሸፈናል፤ የፈለገ ብቻ ነክቶ ያነበዋል።

ፕሮጀክተሩን በሪሞት አጥፉና ማራገቢያው ራሱ እስኪቆም ሶኬቱን አትንቀሉ። አንሶላውን አትጠፉት፤ አጣናው ላይ ጠቅልሉት፤ ከታጠፈ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው መስመር ምስሉ መሐል ይወጣል።