በእንግሊዝ በግል የሚሠራ የቤት ጽዳት ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜና የእረፍት ክፍያ እንዴት ሊያገኝ እንደሚችል

በእንግሊዝ አገር የሰው ቤት በማጽዳት የሚተዳደሩ ሰዎች፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ጭምር፣ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት «ሰልፍ ኢምፕሎይድ» ተብለው ነው። በግል መሥራት ሰዓትን፣ ዋጋንና ደንበኛን ለመምረጥ ያስችላል። ነገር ግን ደንበኛው ኦገስትን ሙሉ ለእረፍት ሲሄድ፣ ወይም ሳይታሰብ «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አይምጡ» የሚል አጭር መልእክት ሲልክ፣ የተቋረጠውን ገቢ የሚተካ ሕግ ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ የለም። የእረፍት ክፍያውን ከዋጋው፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ደግሞ ከስምምነቱ ውስጥ ማግኘት አለበት፤ ለዚህም ሁለቱንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማስገባት ይጠበቅበታል።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ በግልዎ የሚሠሩ መሆንዎን ይመርምሩ

የእንግሊዝ የሥራ ሕግ ሠራተኛን በሦስት ይከፍላል፤ እነዚህም ተቀጣሪ፣ «ወርከር» የሚባለው በመካከል ያለ ሠራተኛ እና በግሉ የሚሠራው ናቸው። ተቀጣሪው ክፍያ ያለው የዓመት እረፍት አለው፤ ከሥራ ሲሰናበትም አንድ ወር ካገለገለ የአንድ ሳምንት፣ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት አንድ ሳምንት እየታሰበለት እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ወርከሩ ይህ የማስጠንቀቂያ መብት ባይኖረውም፣ በዓመት 5.6 ሳምንት ክፍያ ያለው እረፍትና ሕግ የወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ይገባዋል። በግሉ የሚሠራው ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም።

የትኛው ወገን ውስጥ እንደሚገቡ የሚወስነው ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስያሜ ብቻ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ኦቶክሌንዝ በተባለው የመኪና ጽዳት ድርጅት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የመኪና አጣቢዎቹ ውል «በግላቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ከፈለጉም በምትካቸው ሌላ ሰው መላክ ይችላሉ» ቢልም፣ በተግባር የነበረው ግንኙነት ከዚህ የተለየ በመሆኑ፣ የዝቅተኛ ደመወዝና የእረፍት ክፍያ መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። በ2018 ፒምሊኮ የተባለው የቧንቧ ሥራ ድርጅት ሠራተኛ፣ በ2021 ደግሞ የኡበር ሾፌሮች በዚያው ፍርድ ቤት የረቱትም በወረቀት ስያሜ ሳይሆን በሥራው እውነተኛ ሁኔታ ነው።

ስለዚህ ራስዎን የሚከተለውን ይጠይቁ። የሰዓቱን ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነው? ቢታመሙ እህትዎን ወይም ጓደኛዎን በምትክዎ መላክ ይፈቀድልዎታል? ሥራ ሲሰጥዎት እምቢ ማለት ይችላሉ? መቼ እንደሚገቡና ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያጸዱ የሚያዝዎት አለ? በሳምንት ውስጥ ለስድስት የተለያዩ ቤቶች ሦስት ሦስት ሰዓት የሚሠራ፣ ዋጋውን ራሱ የሚናገርና ቀኑን ከደንበኞቹ ጋር የሚደራደር ሰው በአብዛኛው በእርግጥም በግሉ የሚሠራ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለአንድ ቤተሰብ ብቻ፣ በቤተሰቡ መጥረጊያና ሳሙና፣ በቤተሰቡ ትእዛዝ የሚሠራ ሰው ግን «ሰልፍ ኢምፕሎይድ» ቢባልም በሕግ ዓይን ተቀጣሪ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የኤጀንሲ ጉዳይ ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። አንዳንዱ ኤጀንሲ ከደንበኛ ጋር ያገናኝና የአገልግሎት ክፍያውን ከቤቱ ባለቤት ይቀበላል፤ ለእርስዎ በቀጥታ የሚከፍልዎት ደንበኛው ነው። ሌላው ግን ከደንበኛው ገንዘቡን ራሱ ሰብስቦ፣ የሰዓት ዋጋዎን ራሱ ወስኖ፣ የደንብ ልብስ አልብሶ፣ አንድ ቀን ሲቀሩ ተቆጥቶ፣ የእረፍት ክፍያ ሲጠየቅ ብቻ «እርስዎ እኮ በግልዎ የሚሠሩ ነዎት» ይላል። እንዲህ ዓይነቱ ግንኙነት ሊመረመር የሚገባው ነው። አካስ የተባለው የሥራ ጉዳዮች አስታራቂ ተቋም በስልክ ቁጥር 0300 123 1100 በነጻ ምክር ይሰጣል። ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ከመሄድዎ በፊትም የዕርቅ ሂደቱ የሚጀመረው በዚሁ ተቋም በኩል ነው። ሳይከፈል የቀረው ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሊሞላ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ ብቻ ጊዜ እንዳለዎት አድርገው ቢያስቡና አቤቱታዎን ሳያዘገዩ ቢያቀርቡ ከአደጋ ይድናሉ።

የመኖሪያ ፈቃድዎንም አስቀድመው ያንብቡ። ለምሳሌ የተማሪ ቪዛ ተቀጥሮ ለተወሰነ ሰዓት መሥራትን ቢፈቅድም በግል ሥራ መሰማራትን ይከለክላል።

ደረጃ 2፦ እረፍትዎን በሰዓት ዋጋዎ ውስጥ ያስገቡ

በእርግጥም በግልዎ የሚሠሩ ከሆነ፣ ለወርከሮች የተደነገገውን 5.6 ሳምንት ለራስዎ እንደ መለኪያ ቢወስዱት ጥሩ ነው። በዓመት ካሉት 52 ሳምንታት 5.6ቱ ሲቀነስ የሚሠራባቸው 46.4 ሳምንታት ይቀራሉ፤ 5.6 ለ46.4 ሲካፈል 12.07 በመቶ ይሆናል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ሰዓታቸው ቋሚ ያልሆነ ወርከሮች እረፍት የሚሰላውም በዚሁ 12.07 በመቶ ነው።

በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል። በሳምንት 20 ሰዓት ይሠራሉ፤ ከእያንዳንዱ ሰዓት 15 ፓውንድ በእጅዎ እንዲቀር ይፈልጋሉ እንበል። ይህ በሳምንት 300፣ በ52 ሳምንት ደግሞ 15,600 ፓውንድ ነው። ሆኖም የሚሠሩት 46.4 ሳምንት ማለትም 928 ሰዓት ስለሆነ፣ ያንኑ ገቢ ለማግኘት የሰዓቱ ዋጋ 16 ፓውንድ ከ81 ፔንስ መሆን አለበት። ደንበኛ ፊት «አሥራ ስድስት ከሰማንያ አንድ» ማለት ስለማይመች ወደ 17 ፓውንድ ማጠጋጋት ይሻላል፤ በሕመም ለሚቀሩበት ቀን ግን ከዚህም በላይ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የሕመም ክፍያም የለዎትምና። በብዙዎች ዘንድ የሚታየው ችግር በአካባቢው የሚሰማውን ዋጋ ሳያሰሉ ይዘው ከገቡ በኋላ፣ የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ የእረፍት ገንዘብ ከደንበኛው መጠበቅ ነው።

ለደንበኛ በሚሰጡት ኢንቮይስ ላይ የእረፍቱን ድርሻ ለይተው «የእረፍት ክፍያ» ብለው አይጻፉት። ከደመወዙ ጋር ተደምሮ የሚከፈል የእረፍት ገንዘብ በደመወዝ ወረቀት ላይ ለይቶ የማሳየት ግዴታ ያለበት የወርከር አሠሪ ነው። እርስዎ ግን ነጋዴ ነዎት፤ የሚናገሩት አንድ ዋጋ ብቻ ይሁን።

ደረጃ 3፦ የእረፍቱን ገንዘብ ሲገባ ይለዩት

በዋጋ ውስጥ የገባው ገንዘብ ከወር ወጪ ጋር ከተቀላቀለ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከላይ ባለው ምሳሌ ከእያንዳንዱ ሰዓት 1 ፓውንድ ከ81 ፔንስ፣ በሳምንት 36 ፓውንድ ከ20 ፔንስ ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ቢተላለፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ 1,680 ፓውንድ ገደማ ይጠራቀማል፤ ይህም የ5.6 ሳምንት ገቢ ነው። በየዓርቡ ራሱ እንዲያስተላልፍ ለባንክዎ ቋሚ ትእዛዝ ይስጡ። ዕቁብ ያለው ሰው የዕጣውን ወር ከእረፍቱ ጋር ማገጣጠም ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ በእጅዎ ካልሆነ አይመኩበት።

ይህ ገንዘብም ገቢ ስለሆነ ግብር ይታሰብበታል። በአንድ የግብር ዓመት፣ ማለትም ከኤፕሪል 6 እስከ በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 5፣ ከ1,000 ፓውንድ በላይ በግሉ የሠራ ሰው ያ ዓመት ባለቀ በቀጣዩ ኦክቶበር 5 ድረስ በግብር ቢሮው መመዝገብ አለበት። የግብሩን ድርሻ በሦስተኛ ሒሳብ ማስቀመጥ ቢሰለችም ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ የሚከተሉትን ነጥቦች በጽሑፍ ያስፍሩ

በቃል የተደረገ ስምምነትም በእንግሊዝ ሕግ ውል ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ነው። ጠበቃ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ኢሜይል ወይም ደንበኛው «እስማማለሁ» ብሎ የመለሰበት የዋትስአፕ መልእክት ይበቃል። የሚከተለው አጻጻፍ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ሊላክ ይችላል፦

«በየሳምንቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት አጸዳለሁ። የሰዓቱ ዋጋ 17 ፓውንድ ሲሆን በሥራው ዕለት ይከፈላል። ከሁለታችን አንዳችን ሥራውን ማቋረጥ ብንፈልግ በጽሑፍ የአራት ሳምንት ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። የአንድ ቀን ጽዳት ከ48 ሰዓት በፊት ከተሰረዘ ክፍያ የለውም፤ ከዚያ ካነሰ ግማሹ፣ በዕለቱ ከሆነ ወይም በር ተዘግቶ ካገኘሁ ሙሉው ይከፈላል። እርስዎ ከሁለት ሳምንት በላይ ለእረፍት ሲሄዱ ቀኑ እንዲጠበቅልዎት ግማሽ ክፍያ ይከፍላሉ። እኔ ለእረፍት ስሄድ ከአራት ሳምንት በፊት አሳውቃለሁ፤ ለእነዚያ ቀናት ክፍያ አልጠይቅም።»

እዚህ ላይ የተጠቀሰው ሰዓት በአበሻ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ ከ9 እስከ 12 ብለው ይጻፉት።

የማስጠንቀቂያው ጊዜ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን። ደንበኛው አራት ሳምንት እንዲሰጥ ጠይቆ ለራስ አንድ ሳምንት ማስፈር አያስከብርም፤ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግም ሸማቹን ያላግባብ የሚጎዳ አንቀጽ እንዳይጸና ያደርጋል። በዚሁ ምክንያት «በአንድ ቀን ስረዛ የወሩ ሙሉ ክፍያ ይከፈላል» የሚል አንቀጽ ያስገባ ሰው ከነአካቴው ምንም ላያገኝ ይችላል። አራት ሳምንት የበዛባቸው ደንበኞች ሲያጋጥሙ በሁለት ሳምንት ቢስማሙ፣ ጨርሶ ከሌለው የተሻለ ነው። ውሉ በደንበኛው ቤት ወይም በስልክና በመልእክት ከተደረገ ደግሞ ደንበኛው በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት የመሰረዝ መብት ስላለው፣ ይህንኑ በወረቀቱ ላይ መግለጽ ይገባል።

የግማሽ ክፍያው ነጥብ ብዙ ጊዜ ክርክር ያስነሳል። ደንበኛው «ቤቱ ሳይጸዳ ለምን እከፍላለሁ?» ቢል፣ መልሱ የማክሰኞው ጠዋት ለሌላ ሰው ሳይሸጥ ተጠብቆለት እንደሚቆይና መክፈል ካልፈለገ ቀኑ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ እንደሚችል በትሕትና ማስረዳት ነው። ብዙዎች ጥሩ የጽዳት ሠራተኛ እንደገና መፈለግን ስለማይወዱ ይስማማሉ።

የእኛ በዓላት ከእንግሊዞቹ ባንክ ሆሊደይ ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥሙ በዓመቱ መጀመሪያ ቀኖቹን ማሳወቅ ያስፈልጋል። ገና በጃንዋሪ 7 ሲውል ደንበኞች ከእረፍት ተመልሰው ቤታቸው እንዲጸዳ የሚፈልጉበት ሳምንት ይሆናል። ፋሲካ በ2025 ለሁላችንም ኤፕሪል 20 ዋለ፤ በ2026 ግን የእነርሱ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። ስቅለትንም ከጨመሩ ዓርቡን የሚሠሩበት ቤት ከወራት በፊት ሊነገረው ይገባል።

ደረጃ 5፦ ለቆዩ ደንበኞች ለውጡን ያስተዋውቁ

ዓመታት ያለ ወረቀት የሠሩለትን ቤተሰብ ውል ፈርም ማለት ያሳፍራል፤ የልማድ ጉዳይ ነው። ዋጋ ከሚጨምሩበት ጊዜ ጋር አብሮ ማቅረብ ይቀላል፤ «ከኤፕሪል ጀምሮ ዋጋዬ ይህ ይሆናል፤ ለሁለታችንም ግልጽ እንዲሆን አሠራሬን በጽሑፍ አያይዣለሁ» ብሎ መላክና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው። ለሁሉም ደንበኞች በአንድ ቀን አይላኩ፤ አንዱ ቢከፋውና ቢያቋርጥ ሌላውን ለማመቻቸት ጊዜ ይኖርዎታል። እርስዎ እረፍት በሚወጡበት ጊዜም በራሱ ፈቃድ የሚከፍል ደንበኛ ካለ አመስግነው ይቀበሉ፤ ግን በሒሳብዎ ውስጥ አስቀድመው አይቁጠሩት።

ደረጃ 6፦ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢሰናበቱ

መጀመሪያ ቁልፉን በአካል ወይም በተመዘገበ ፖስታ ይመልሱና ማስረጃውን ይያዙ። ከዚያም ስምምነቱን የሚያስታውስ፣ የቀረውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ በአኃዝ የሚገልጽና 14 ቀን የሚሰጥ ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይላኩ። በሳምንት ሦስት ሰዓት በ17 ፓውንድ ለአራት ሳምንት 204 ፓውንድ ነው። በዚያው ሰዓት ሌላ ሥራ አግኝተው ከሆነ ያገኙትን ይቀንሱ፤ መጠየቅ የሚቻለው በእርግጥ የቀረብዎትን ነውና። በጽሑፍ የተስማሙት የማስጠንቀቂያ ጊዜ ባይኖርም እንኳ፣ ለረጅም ጊዜ በቋሚነት ሲሠራ የቆየ ሰው ምክንያታዊ ማስጠንቀቂያ ይገባኝ ነበር ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ሆኖም «ምክንያታዊ» ስንት ሳምንት እንደሆነ የሚወስነው ዳኛው ስለሆነ ውጤቱ አይታወቅም።

ለዘገየ ክፍያ ልዩ ወለድ የሚያስከፍለው ሕግ በነጋዴዎች መካከል ባለ ዕዳ ላይ እንጂ በግለሰብ ደንበኛ ላይ አይሠራም፤ በደብዳቤዎ ውስጥ አይጥቀሱት። ደንበኛው ካልመለሰ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርሰውን የሚመለከተው የአነስተኛ ክሶች ችሎት አለ፤ ክሱን ያለ ጠበቃ በኢንተርኔት ማስገባት ይቻላል፤ የውል ዕዳ ለመጠየቅም ስድስት ዓመት ጊዜ አለ። የመክፈቻው ክፍያ ከተጠየቀው ገንዘብ ጋር ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ከረቱ በተሸናፊው ላይ ይታሰባል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎችም ቅናሽ ወይም ሙሉ ነጻ እንዲደረግላቸው ከክሱ ጋር ማመልከት ይችላሉ።