ሳይጫወቱ በስፖርት መኖር፦ ሥራው እንዴት ይገኛል?

“ስፖርት በጣም እወዳለሁ፤ ምንም ሥራ ቢሆን እሠራለሁ።” ክለብ ደጃፍ ላይ በየቀኑ የሚሰማው ይሄ ነው። ቀጣሪውን ግን አይረዳውም። የሚያመለክተው ሰው ሁሉ ስፖርት ይወዳልና። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ጨዋታ በሌለበት ማክሰኞ ጠዋት ምን ትሠሩልኛላችሁ? ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ካላችሁ፣ ከብዙው አመልካች ቀድማችኋል።

መጀመሪያ አንድ ሙያ ምረጡ

ሜዳ ላይ 11 ሰው ይታያል። ከጀርባው ያለው ግን ብዙ ነው። አሰልጣኝ፣ የአካል ብቃት ባለሙያ፣ ሐኪም፣ ወጌሻ፣ የቪዲዮ ተንታኝ፣ መልማይ፣ የትጥቅ ኃላፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የሕግ ባለሙያ፣ የቲኬትና የስፖንሰር ሰው፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ሠራተኛ፣ ሣሩን የሚንከባከብ። ከክለብ ውጪ ደግሞ ፌዴሬሽኖች፣ ሊጎች፣ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ጂሞች፣ ትጥቅ አምራቾችና ትምህርት ቤቶች አሉ።

አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ወደ ትንተናና ጋዜጠኝነት ነው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ሰውን ወደ ጨዋታው የሚያቀርቡ ሥራዎች ናቸው። ግን ስፖንሰር ማምጣት የሚችል ሰው በሁሉም ክለብ ይፈለጋል፣ ተወዳዳሪውም ጥቂት ነው። ሒሳብ ወይም ሽያጭ የተማራችሁ ሰዎች ከዜሮ መጀመር የለባችሁም። ያላችሁን ሙያ ይዛችሁ ግቡ።

አሰልጣኙን ሆዜ ሞሪንሆን ተመልከቱ። በ1992 ስፖርቲንግ ሊዝበን የገባው የእንግሊዛዊው አሰልጣኝ የቦቢ ሮብሰን አስተርጓሚ ሆኖ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከዚያ በፊት የስፖርት ሳይንስ መማሩና ታዳጊዎችን ማሰልጠኑ ነው። በሩን የከፈተለት ቋንቋው ሲሆን፣ ውስጥ ያቆየው ደግሞ እውቀቱ ነው። ከስፖርቱ ሌላ እናንተ የምትችሉት ነገር ምንድን ነው? ቋንቋ? ካሜራ? ኤክሴል? እሱን ጻፉትና ከሱ ተነሱ።

ወረቀት የሚጠይቀውንና የማይጠይቀውን ለዩ

ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና ጠበቃ ያለ ሙያ ፈቃድ አይሠሩም። አሰልጣኝነትም ደረጃ አለው። በአውሮፓ ዋናው መንገድ ከሲ ተነስቶ በቢና በኤ በኩል እስከ ፕሮ ይሄዳል። በአፍሪካ ደግሞ ከታች ዲ አለ። የምትጀምሩት በአገራችሁ ፌዴሬሽን ነው፤ ኮርሱ መቼ እንደሚከፈት ደውላችሁ ጠይቁ።

የተጫዋች ወኪል መሆን የሚፈልግ ሰው ከ2023 ጀምሮ የፊፋን ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው 20 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን የሚሰጠው አንድ ሰዓት ነው። ለማለፍ 75 በመቶ፣ ማለትም 15 ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። ጥያቄዎቹ ስለ ዝውውር ደንብ እንጂ ስለ ኳስ ፍቅር አይደሉም።

ዳኝነት ብዙ ሰው የሚረሳው መንገድ ነው። 17ቱ የእግር ኳስ ሕጎች በነፃ ይገኛሉ። ዳኛ ሁልጊዜ ያጥራል። አንድ ዓመት የታዳጊ ውድድር ያጫወተ ሰው ደግሞ አሰልጣኞችን፣ ታዛቢዎችንና የፌዴሬሽን ሰዎችን በስም ያውቃል።

ስለ ማስተርስ የሚጠይቁኝ አሉ። ጥሩ ጥሩ ትምህርቶች አሉ፤ በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ የሚሰጠው ፊፋ ማስተር በጣም የታወቀው ነው። የእኔ ምክር ግን መጀመሪያ ጥቂት ሠርታችሁ እዩት የሚል ነው። ሥራውን ሳትቀምሱ ለትምህርት ብዙ ገንዘብ አታውጡ።

በእጅ የሚያዝ ሥራ አዘጋጁ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ተንታኝ መሆን ትፈልጋላችሁ እንበል። ስለ ሪያል ማድሪድ አትጻፉ። ስለነሱ የሚጽፈው ስፍር ቁጥር የለውም። በእግራችሁ ሄዳችሁ የምታዩትን ቡድን ምረጡ፤ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቢሆን ይሻላል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ለምሳሌ የማዕዘን ምት።

ሦስት ጨዋታ ተመልከቱ። ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ደቂቃው፣ የመታው ተጫዋች፣ ኳሱ ያረፈበት ቦታ፣ መጀመሪያ የነካው፣ ከዚያ የሆነው። መጨረሻው ዓምድ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ተከላካይ ሲያወጣው የተመለሰውን ኳስ ማን አገኘው? የሣጥኑ ጫፍ ላይ ሰው ነበር? በዚህ በሁለተኛው ኳስም ጎል ስለሚገባ አሰልጣኝ የሚወደው ይህን ነው።

ከዚያ ሁለት ገጽ ጻፉ፤ ሦስተኛ ገጽ አትጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ፦ ያያችሁት፣ የተደጋገመው፣ ልምምድ ላይ መሞከር ያለበት። አሰልጣኝ ቆሞ ነው የሚያነበው። ስልካችሁ ላይ የቀረጻችሁት ካለ አጫጭር ቪዲዮ አያይዙ። ከቁጥር ጋር መለማመድ ለምትፈልጉ ደግሞ ስታትስቦምብ የተባለው ኩባንያ በነፃ የለቀቀው የጨዋታ መረጃ አለ፤ ሜሲ ባርሴሎና እያለ ያደረጋቸው የሊግ ጨዋታዎች ሳይቀሩ ይገኙበታል።

ሌሎቹም ሙያዎች እንዲሁ ናቸው። የሽያጭ ሰው ለክለቡ ስፖንሰር ሊሆኑ የሚችሉ ድርጅቶችን ይዘርዝር፣ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያገኙም ይጻፍ። ፎቶ አንሺ የአንድ ጨዋታ ቀን አልበም ያዘጋጅ፤ ጎሉን ብቻ ሳይሆን መልበሻ ክፍል በር ላይ የሚጠብቀውን ደጋፊም ያንሳ።

አንኳኩ፣ ግን ባዶ እጃችሁን አይደለም

ማስታወቂያዎችን በክለቦችና በፌዴሬሽኖች ድረ ገጽ፣ በሊንክድኢንም ተከታተሉ። ብዙ ሥራ ግን ሳይለጠፍ ነው የሚያልቀው፣ በተለይ ትንንሽ ክለቦች ላይ። ስለዚህ ቀጥታ ጻፉ። እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

“ጤና ይስጥልኝ። ቡድናችሁ ባለፉት ሦስት ጨዋታዎች ያገኛቸውን 17 የማዕዘን ምቶች መዝግቤአለሁ። 11ዱ ወደ ቅርቡ ቋሚ ሄደዋል፣ ቀድማችሁ የነካችሁት ግን ሁለቱን ብቻ ነው። ሁለት ገጽ ጽሑፍ አያይዣለሁ። ከጠቀማችሁ የቀጣዩን ተጋጣሚም ልሠራላችሁ እችላለሁ።”

“ዕድል ስጡኝ” የሚል ቃል የለበትም። “ይሄ ምን ያደርግልኛል?” የሚል አሰልጣኝ አይኖርም፤ ሥራው ፊቱ ነው። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ክለብ ሂዱ።

ፖርቱጋላዊው አንድሬ ቪያስ ቦአስ ገና ልጅ ሳለ ፖርቶ ከተማ ውስጥ ከቦቢ ሮብሰን ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይኖር ነበር። ሮብሰን ያኔ የፖርቶ ክለብ አሰልጣኝ ነው። ልጁ ዶሚንጎስ የተባለውን አጥቂ ለምን አታሰልፈውም ብሎ ክርክሩን ጽፎ ሰጠው። ሮብሰን አላባረረውም፤ ክለቡ ውስጥ እንዲማር መንገድ ከፈተለት። ልጁ በ2011 ፖርቶን ይዞ የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ አነሳ። በ2024 ደግሞ የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ጎረቤት መሆኑ ዕድል ነው። ክርክሩን ጽፎ መስጠቱ ግን የራሱ ሥራ ነው።

ትልልቅ ውድድሮችም በር ናቸው። ለለንደን 2012 ኦሊምፒክ 70,000 ያህል፣ ለፓሪስ 2024 ደግሞ 45,000 ያህል በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈዋል። ስትመዘገቡ የምትፈልጉትን ክፍል ለይታችሁ ጻፉ። ሚዲያ የሚፈልግ ሰው ሚዲያ ክፍል ይመደብ። ስትጨርሱ የኃላፊያችሁን ስልክና የምስክር ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ።

በነፃ መሥራት ልክ አለው

ለልምድ ብሎ በነፃ መሥራት በዚህ ዘርፍ የተለመደ ነው። ክፋቱ ማለቂያ ሲያጣ ነው። ስትጀምሩ የሚያልቅበትን ቀን፣ የምትማሩትን ነገርና ትራንስፖርት ማን እንደሚችል በጽሑፍ ተስማሙ። ክለቡ በየሳምንቱ እየተጠቀመበት ያለ ሥራ ክፍያ ይገባዋል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለመቀጠር መጀመሪያ ገንዘብ ላኩ የሚል ካለ ደግሞ አጭበርባሪ ነው ብላችሁ ተነሱ። የውጭ ክለብ ስም ይዞ በግል ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወደ ክለቡ ድረ ገጽ ሂዱና እዚያ ባለው ስልክ አረጋግጡ።

ከመፈረማችሁ በፊት

ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልም ጭምር የሥራ ቀን ነው። ይህን ለቤተሰብ ቀድማችሁ ንገሩ። ብዙ ውል የሚያልቀው ከውድድር ዓመቱ ጋር ነው። አሰልጣኝ ሲሰናበት ደግሞ ረዳቶቹና ተንታኙ አብረውት ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ውሉ ከክለቡ ጋር ነው ወይስ ከአሰልጣኙ? እሱ ቢሄድ የእኔ ነገር ምን ይሆናል? የጉዞና የሕክምና ወጪ በማን ነው? የሠራሁትን ትንተና ለሌላ ቀጣሪ ማሳየት እችላለሁ? አራቱንም ጠይቁ፣ መልሱም ውሉ ላይ ይስፈር።